ሪሲቨሩን ቡፌ ውስጥ ደበቅኩት፤ ሪሞቱ አልሰማ አለኝ፤ በሩን ልብሳው?

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ላይ ነው። ቲቪውን ግድግዳ ላይ አሰቅለን ከሥሩ የሚቆም ቡፌ ፈርኒቸር ቤት አዘዝን። ባለቤቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንግዳ ሲመጣ አንድም ሽቦ እንዳይታይ። ስለዚህ ቡፌው ድፍን የኤምዲኤፍ በር ተሠራለት። የዲሽ ሪሲቨሩ፣ አንድሮይድ ቦክሱ፣ ዲቪዲውና የሆም ቴአትሩ አምፕሊፋየር ገቡበት፣ በሩ ተዘጋ፣ ሳሎኑም አማረ። ማታ ዜና ልሰማ ሪሞቱን ስጫን ግን ወይ ፍንክች። ቲቪው ይበራል፣ ሪሲቨሩ በሩ ካልተከፈተለት አይሰማም። ከፍተን እንዳንተወው የሁለት ዓመት ልጅ አለን፤ ባለፈው ሳምንት ዲቪዲውን ብስኩት አጉርሶታል። አናጺው በሩን እንብሳው ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ገና አንድ ወር ባልሞላው ቡፌ ላይ መሰርሰሪያ ካነሳሁ እንዳልመለስ ነግራኛለች። ምን ይሻለኛል?

ይህን ከለጠፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነ። መልሱ 24 ደርሷል፤ ግማሹ ስለ እኔ ቡፌ፣ ግማሹ ስለ ሌላ ነገር ነው። አዲስ የሚገቡ ሰዎች ከላይ ጀምሮ ማንበብ ታክቷቸው ያንኑ ጥያቄ ደግመው ስለሚጠይቁ፣ በተራ ቁጥሩ እያነሳሁ የሆነውን ልተርክ።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። እርስዎ እያለ ነው የጻፈልኝ። ሪሞት በሬዲዮ ሞገድ ሳይሆን በብርሃን እንደሚሠራ አስረዳኝ፤ ዓይናችን የማያየው፣ የሞገድ ርዝመቱ አብዛኛውን ጊዜ 940 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ኢንፍራሬድ። ብርሃን ደግሞ ኤምዲኤፍ አያልፍም። ካላመንኩ የስልኬን የሰልፊ ካሜራ ከፍቼ የሪሞቱን ጫፍ እንዳዞርበትና ቁልፍ ተጭኜ እንድይዝ መከረኝ። የኋላው ካሜራ በብዙ ስልክ ላይ ማጣሪያ ስላለው ላያሳይ ይችላል። ሞከርኩት። ስክሪኑ ላይ ሐምራዊ ነገር ብልጭ ብልጭ ሲል ባለቤቴን ጠራኋት፣ እሷ ደግሞ በቤቱ ያለውን ሪሞት ሁሉ ሰብስባ መጣች። ዓመት ሙሉ ተበላሽቷል ብለን መሳቢያ ውስጥ የጣልነው የዲቪዲ ሪሞት ጨለማ ሆነብን፤ ድንጋዩን ስንቀይርለት በራ። በዚህ የውይይት ክር ያገኘሁት የመጀመሪያው ትርፍ እሱ ነው።

ቁጥር 2 በሩን በመስታወት እንድቀይረው ጻፈ። ጥቁር ቢሆንም ችግር እንደሌለው ጨመረበት። ቁጥር 3 በአንድ መስመር በሩን ነቅዬ እንድጥለው አዘዘኝ፤ ዕቃ የሚገዛው ሊታይ እንጂ ሊቀበር አይደለም ነው ነገሩ። ቀዝቃዛ ቀልድ መስሎኝ አለፍኩት። ይህን ሰው አስታውሱት፣ ይመለሳል።

ቁጥር 4 የክሩ ወገብ ናት። ሜሪላንድ የምትኖር እህት ናት፤ ሥራዋ በየሰዉ ቤት ምድር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ዕቃ መገጣጠም ነው። በር መቅደድም መስታወት ማስገባትም እንደማያስፈልግ፣ ሪፒተር የሚባል ነገር ለዚሁ ተብሎ እንደተሠራ ነገረችኝ። ሦስት ክፍል አለው። አንዱ ውጭ የሚቀመጥ ዓይን ነው፤ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም፣ ከቲቪው ሥር ወይም ከቡፌው ጠርዝ ላይ ይለጠፋል። ዓይኑ ያየውን በቀጭን ሽቦ ቡፌው ውስጥ ወደተቀመጠ ትንሽ ሳጥን ይልካል፤ ሳጥኑ ያጎላዋል። ከሳጥኑ ደግሞ ምስር የሚያካክሉ መብራቶች በሽቦ ይወጡና በእያንዳንዱ ዕቃ ፊት ላይ ይለጠፋሉ። የሪሞቱ ብርሃን በሩ ላይ ሲቆም ሽቦው ያሻግረውና ውስጥ እንደ ገና ብርሃን ይሆናል ማለት ነው።

ዝርዝሩ ላይ ደግሞ አልሰሰተችም። የሪሞት ብርሃን ዝም ብሎ አይበራም፤ በአብዛኛው ሪሞት ላይ በሴኮንድ 38,000 ጊዜ ያህል ብልጭ ድርግም ይላል፣ የሪሲቨሩ ዓይን ከአምፖልና ከፀሐይ ብርሃን የሚለየው በዚህ ምት ነው። ምቱ እየተቆራረጠ ሲመጣ፣ አጭሩና ረጅሙ ፋታ ተደምሮ ኮድ ይሆናል። ለአራቱም ዕቃ አንድ ዓይን የሚበቃው እያንዳንዱ የራሱን ኮድ ብቻ ስለሚሰማ ነው። ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ምስሯን ሲለጥፍ እንደሆነም አስጠነቀቀች፤ የዕቃው ዓይን ከጥቁሩ ፕላስቲክ ጀርባ ስለሆነ አይታይም፣ በግምት ይለጠፋል፣ ከዚያ ሪፒተሩ አይረባም ተብሎ ይጣላል። መፍትሔዋ የእጅ ባትሪ ነው። መብራት አጥፍቶ ባትሪውን በሰያፍ ፊቱ ላይ ሲያበሩበት ክብ ነገር በጥላ ይታያል፣ ልክ እዚያ ላይ።

ቁጥር 5 ቁጥር 2ን አረመው፤ በትሕትና ጀምሮ እየመረረው ሄደ። ተራ መስታወት ኢንፍራሬድ እንደሚያሳልፍ አልካደም። ጥቁር ስለሆነ ብቻ አይከለክልም፣ ሪሞት ፊት ላይ ያለው ፕላስቲክ ራሱ ጥቁር የሚመስል ነው። ነገር ግን ሰው ሲሠራው የሚወደው ያ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀው ፊልም ብረት ነክ ስለሆነ ብርሃኑን ሊመልሰው ይችላል። ይህን ሳያጣሩ በር የሚያህል ነገር ማስቀየር የሰው ገንዘብ ማቃጠል መሆኑን በማስረጃ ሳይሆን በቁጣ አስረዳ። ቁጥር 2 አልመለሰም፤ ተቀየመ መሰለኝ።

ቁጥር 6 ከዱባይ ነው። ሪፒተር ገዝቶ ገጥሞ፣ ቀን ቀን እየሠራ ማታ ማታ ያብድበት ነበር፤ የሳጥኑ መብራት ማንም ሪሞት ሳይነካ ይንቀጠቀጣል። ለወር ያህል ዕቃውን ሲረግም ከርሞ በመጨረሻ ያገኘው ምክንያት ከቲቪው ጀርባ ለጌጥ የለጠፈው የኤልኢዲ ሰንሰለት ነበር። ዓይኑ ከአጠገቡ ነበረችና ጫጫታውን ሁሉ እንደ ትእዛዝ ትቀበላለች። ዓይኗን ወደ ቡፌው እግር አወረዳት፣ ዳነ። በመስኮት የሚገባ የከሰዓት ፀሐይም እንዲሁ እንደሚያሳውራት ጨመረ። ይህ መልስ የኔን ቤት አዳነው፣ እኔም ያንኑ ጌጥ ልገዛ ነበር።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ጠነከረ። ቁጥር 7 ወጣት ይመስላል፤ በዚህ ዘመን ሽቦ መጎተት እንዳሳፈረው ነው የጻፈው። ዋይፋይ የሚቀበል፣ ዙሪያውን ኢንፍራሬድ የሚረጭ ትንሽ ዕቃ አለ፣ ቡፌው ውስጥ ይቀመጣል፣ ሪሞቱ ስልክ ይሆናል፣ አለቀ። ትክክል ነው፣ እንዲህ ያለ ዕቃ አለ። ቁጥር 8 ግን እናቷን ይዛ መጣች። እናቷ 74 ዓመታቸው ነው፤ ሪሞቱን ከነላስቲኩ፣ ላስቲኩን በጎማ አስረው ነው የሚይዙት፣ ድምፅ መጨመሪያዋን በአውራ ጣታቸው በዳበሳ ያውቋታል። ድምፅ ለመጨመር ስልክ መክፈት፣ አፑን መፈለግ፣ ራውተሩ እስኪነሳ መጠበቅ ለእሳቸው ምን ማለት እንደሆነ ቁጥር 7 አስቦት እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም መልሶ (ቁጥር 9) እናት ያለው ሁሉ ቴክኖሎጂ አይቅርበት ዓይነት ነገር ጻፈ፣ እሷም አሳዳጊ የበደለው እንደሆነ ነገረችው። አድሚኑ ሁለቱንም አስጠንቅቆ ቁጥር 9ን ግማሹን ሰረዘው። እኔ ከቁጥር 8 ጋር ነኝ። እናቴ እኛ ጋ ስትመጣ የምታድረው እዚሁ ሳሎን ነው፣ ስልኳ ደግሞ ባለ ቁልፍ ነው።

ቁጥር 10 ጠቡን ሳያይ ወይም እንዳላየ ሆኖ፣ ምንም ሳልገዛ ልሞክረው የምችለውን ነገር ነገረኝ። በኤችዲኤምአይ ገመድ በኩል ቲቪው ለተያያዘው ዕቃ ትእዛዝ ማሳለፍ ይችላል፤ ስሙ ሲኢሲ ነው። የቲቪው ዓይን ውጭ ነው፣ የቲቪው ሪሞት ለቲቪው ይናገራል፣ ቲቪው በገመዱ ቡፌ ውስጥ ላለው ያቀብላል። ሰው የማያገኘው እያንዳንዱ አምራች የራሱን ስም ስላወጣለት ነው፤ ሳምሰንግ ላይ አኒኔት ፕላስ፣ ሶኒ ላይ ብራቪያ ሲንክ፣ ኤልጂ ላይ ሲምፕሊንክ ይባላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ አበራሁት። አንድሮይድ ቦክሱ ወዲያው ታዘዘ። ሪሲቨሩ ግን ንቅንቅ አላለም፤ ርካሽ የዲሽ ሪሲቨሮች ብዙዎቹ ይህ እንደሌላቸው ቁጥር 10 ኋላ ላይ ነገረኝ። ከአራቱ አንዱ ያለ ሽቦ ተፈታ ማለት ነው።

ቁጥር 11 ያሳቀችኝ መልስ ናት። እናቷ ቲቪውን፣ ሪሲቨሩን፣ ራዲዮኑን ሁሉ ዳንቴል ታለብሳለች። የሪሲቨሩ ዳንቴል ፊቱ ድረስ ይወርዳል። ሪሞቱ አንዳንድ ቀን ይሠራል አንዳንድ ቀን አይሠራም፣ ድንጋይ ተቀየረ፣ ሪሞት ተገዛ፣ ኋላ ላይ ነው የተደረሰበት፤ ዳንቴሉ ታጥቦ ሲመለስ የአበባው ቀዳዳ ዓይኑ ላይ ከዋለ ይሠራል፣ ድፍኑ ከዋለ አይሠራም። እናት ተነገራቸው፣ ዳንቴሉን ማንሳት እንቢ አሉ። አሁን ከእጥበት በኋላ ቀዳዳውን ልክ ዓይኑ ላይ የምታስተካክለው እሷ ናት። ከዚህ የተነሳ ሁለት ሰው ዳንቴል በር ላይ እንዴት እንደሚወጠር መወያየት ጀመሩ። ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም፤ በሩን ፍሬም ብቻ አድርጎ የስፒከር ጨርቅ መወጠር የታወቀ ዘዴ ነው፣ ሳሳ ያለ ጨርቅ ብርሃኑን ያሳልፋል።

ቁጥር 12 ጡረተኛ አባት ናቸው፤ ክሩን ይዘውት ወደ ኋላ ሄዱ። በልጅነታቸው ያዩት ቲቪ ራሱ በር ያለው፣ በቁልፍ የሚዘጋ ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ስለነበረ የእኔ ችግር አዲስ እንዳልሆነ ጻፉ። ከዚያ ወደ አሜሪካ ተሻገሩ። በ1955 እ.ኤ.አ. ዜኒት የተባለው ኩባንያ ያወጣው ፍላሽማቲክ ባትሪ የመሰለ ነገር ሆኖ የሚታይ ብርሃን ነበር የሚረጨው፤ በቲቪው አራቱም ማዕዘኖች ላይ ዓይን ነበረ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ጣቢያው ራሱን ይቀይር ነበር። በማግሥቱ ዓመት የመጣው ስፔስ ኮማንድ ደግሞ ድንጋይ እንኳ አይፈልግም፤ ቁልፉ ሲጫን ትንሽ መዶሻ የአሉሚኒየም ዘንግ ትመታለች፣ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይወጣል። ብርሃን በር እንደማያልፍ፣ ድምፅ ግን እንደሚያልፍ፣ ስለዚህ በድምፅ ቢቀር ይሻል እንደነበር ደመደሙ። ቁጥር 13 መደምደሚያቸውን አፈረሰው። እንዲያ ቀጭን ድምፅ እንጨት ሲነካ አብዛኛው ይመለሳል እንጂ አያልፍም፤ የቡፌው በር ለእሱም በር ነው። ይህ ልክ ነው። ጨርሶ ቢያቆም ጥሩ ነበር፣ ግን ለአንድ ቡፌ የታሪክ ትምህርት ማን እንደጠየቀ አክሎ ጻፈ፣ ሽማግሌውም ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው የለም። አባባ፣ ካነበቡት፣ እኔ ጠይቄያለሁ፤ ስለ ፀሐዩ የነገሩን ከቁጥር 6 ጋር አንድ ነው።

ቁጥር 14 ከመኝታ ቤት ሆኖ የሳሎኑን ሪሲቨር መቀየር ፈልጎ የራሱን ጥያቄ አስገባ። ቁጥር 15፣ ለንደን የሚኖር፣ እዚያ ስካይ የተባለው የሳተላይት ቲቪ ድርጅት ሳጥን ባለበት ብዙ ቤት ማጂክ አይ የሚሉት ዓይን እንደነበረ ነገረው። ምስሉን ወደ ሁለተኛው ቲቪ የሚወስደው የአንቴና ገመድ ራሱ የሪሞቱን ትእዛዝ ይዞ ይመለሳል፤ ዓይኗ የምትሠራበት 9 ቮልትም ከሳጥኑ በዚያው ገመድ ይመጣል። መሐል ላይ ተራ ማከፋፈያ ከገባ ኃይሉ ይቋረጥና ዓይኗ ትሞታለች። ጠቃሚ ነው፣ ግን ሳጥኑ ለዚህ የተሠራ መሆን አለበት፤ ቁጥር 14 ይህን ሳያይ ሄዶ የገዛ ይመስለኛል።

ቁጥር 16 ስቶክሆልም ነው። ለአሠሪው ሪፒተር ገጥሞ ሁሉም ሲሠራ ባንግ ኤንድ ኦሉፍሰን የተባለው የዴንማርክ ኩባንያ ማጫወቻ ብቻ አልሰማ ብሎት ነበር። የእነሱ ሪሞት በ38 ሳይሆን በ455 ኪሎኸርዝ (በሴኮንድ 455 ሺህ ጊዜ) ነው የሚመታው፣ ተራ ሪፒተር ያንን አይሰማም። ለእኛ ቤት አይመለከትም። ቁጥር 17 ሪፒተር እንደሚሸጥ ገልጾ ስልኩን አስቀመጠ፣ ተሰረዘ።

ቁጥር 18 የኤሌክትሪካል ተማሪ ነው፤ መግዛት ሞኝነት መሆኑን፣ ከመርካቶ በሚገኝ ሦስት እግር ባለው ተቀባይና በአንድ ኤልኢዲ በሰዓት ውስጥ እንደሚሠራ ጻፈ። እውነቱን ለመናገር ልቤ ወደ እሱ ነበር። ሠራው፣ ፎቶ ለጠፈ፣ መብራቷ ትበራለች፣ ሪሲቨሩ አይሰማም። ለምን እንደሆነ ቁጥር 19 አሳየው። ያ ባለሦስት እግር ዕቃ ምቱን አጣርቶ ኮዱን ብቻ ነው የሚያወጣው። ኮዱን በቀጥታ ለኤልኢዲ ቢሰጡት ያለ ምት ይበራል፣ ሪሲቨሩ ደግሞ ያለ ምት የመጣን ብርሃን እንደ አምፖል ቆጥሮ ይንቀዋል። 38 ኪሎኸርዙን እንደ ገና ማልበስ ያስፈልጋል፤ ምት የሚያወጣ 555 የሚባል አንድ ትንሽ አይሲ ይበቃዋል። ደግሞ የተቀባዩ መውጫ ቮልት ብርሃኑን ሲያይ ዝቅ የሚል ስለሆነ መገልበጥ አለበት። ተማሪው በሁለተኛው ቀን ሠራለት፤ አመሰገነ፤ ከዚህ ክር በጣም ቆንጆው ልውውጥ ይህ ነበር።

እኔ በበኩሌ ገዛሁ። ዓይኗን ከቡፌው ሥር፣ ከእግሩ ጎን አዋልኳት፤ ሽቦዋን አናጺው ለገመድ በከፈተው በጀርባው ኮምፔንሳቶ በኩል አስገባሁ። በሩ አልተነካም። የመጀመሪያው ማታ ምንም አልሠራም። ባትሪ አብርቼ ሳየው የሪሲቨሩ ዓይን በስተግራ ናት፣ እኔ የለጠፍኩት በስተቀኝ፣ ሰዓቱ የሚታይበት ላይ። አዛወርኩት። ሪሲቨሩ ሰማ፣ ግን አንዴ ስጫን ሁለት ጣቢያ ይዘላል። መልሼ ጻፍኩ። ቁጥር 20 ያችው የሜሪላንዷ እህት ናት፤ ምስሯ የምትረጨው ብርሃን በሥር ባለው ክፍተት ወጥቶ ዓይኗ ላይ ተመልሶ እየወደቀ፣ ሪፒተሩ የራሱን ድምፅ እንደሚሰማ ሰው መሆኑን ነገረችኝ። ናስትሮ በምስሯ ላይ እንድደፍንበት አዘዘች። ሁለት ሳንቲም ናስትሮ ቆርጬ ለጠፍኩ። ሠራ። ባለቤቴ ሶፋው ላይ ተደግፋ በተዘጋ በር ጣቢያ ስትቀይር ፊቷን ብታዩት።

ያልጠበቅኩትን የጠየቀው ቁጥር 21 ነው፤ ጥገና ቤት ያለው ሰው፣ ቃሉም ኮስተር ያለ። 20 ሰው ስለ ብርሃን ሲከራከር ስለ ሙቀት አንድ ሰው አለማንሳቱ እንደገረመው ጻፈ። አምፕሊፋየር በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የራሱን ሙቀት መልሶ ይተነፍሳል። ሱቁ የሚመጡለትን ዕቃዎች ከፍቶ የሚያያቸው ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ክፍሎች) ጫፋቸው እንደ አምባሻ ተነፍቶ ነው፣ ባለቤቶቹም ሁሉ ቡፌ አላቸው። በላዩ አንድ ጋት ያህል ባዶ ቦታ፣ ከታች አየር መግቢያ፣ ከላይ መውጫ፣ ሪሲቨርን ደግሞ አምፕሊፋየር ላይ አለመደራረብ። ቁጥር 22 ኮምፒውተር ውስጥ ያለችውን ዓይነት ትንሽ ማራገቢያ ጨመረ። ያን ማታ ሁለት ሰዓት ሙዚቃ አጫውቼ በሩን ስከፍት የወጣው ሙቀት የእንጀራ ምጣድ ክዳን እንደተነሳ ነበር፤ እጄን አምፕሊፋየሩ ላይ ማቆየት አልቻልኩም። ሪሲቨሩ እሱ ላይ ተደራርቦ ነበር።

አናጺው ጀርባውን ሊከፍትልኝ ቀጠሮ ሰጥቶኛል፤ የአናጺ ቀጠሮ ነው፣ ታውቁታላችሁ። እስከዚያው ሪሲቨሩን ለብቻው አውርጄ፣ አምፕሊፋየሩ ሲሠራ በሩን አራት ጣት ያህል ከፈት አድርጌ ልጁ እንዳይስበው በካርቶን አስይዘዋለሁ። ቁጥር 23 በመጨረሻ ምን እንደወሰንኩ ሲጠይቅ ይህንኑ ጻፍኩለት።

ቁጥር 24 ያ ቁጥር 3 ነው። ለበሩ ስንት እንደከፈልኩ ጠየቀኝ።